የሁለት ሰው ላቫጆ

ጠዋት ጠዋት ከተማው መግቢያ ላይ ካለው ጠመዝማዛ ቆሜ ለሚመጣ መኪና ሁሉ እጄን አነሳ ነበር። ሹፌሮቹ መንገደኛ የሆንኩ ይመስላቸዋል። ቆም ብለው መስኮቱን ዝቅ ያደርጉና፣ «ወዴት ነሽ?» ይሉኛል።

«የትም አይደለሁም። ላቫጆ ከፍተናል። መኪናዎ አቧራ ለብሷል፤ ቢያሳጥቡት ብዬ ነው።»

አንዳንዱ ይስቃል። አንዳንዱ «ስመለስ» ይልና ሳይመለስ ይቀራል። ብዙው ምንም ሳይል መስኮቱን ይዘጋል። ከጋሸና የሚመጣው መኪና ሁሉ ነጭ ይሁን ሰማያዊ እስከማይለይ ድረስ አፈር ለብሶ ነበር የሚገባው። ያንን ሁሉ አፈር ሳይ እንጀራዬ በፊቴ የሚያልፍ እየመሰለኝ እቆማለሁ። ቀትር ላይ ክንዴ ይዝላል። ከክንዴ ይልቅ ግን የሚደክመኝ ፊቴ ነበር፤ ከጠዋት ጀምሬ ፈገግ ስል ስለምውል።

ፈገግታውን ያመጣብን ከዞን የመጣ አሠልጣኝ ነው። ያን ጊዜ ሥራ የሌለው ሰው ሁሉ በማኅበር ተደራጅ የሚባልበት ዘመን ነበር። እኔ ከአንድ አነስተኛ ሆቴል የአልጋ ሥራ ለቅቄ ቤት ተቀምጬ ስለነበር ቀበሌው ከሌሎች አራት ሰዎች ጋር አደራጀኝና በቤንዚን የሚሠራ የውሃ ግፊት ማሽን ተሰጠን። ከማሽኑ ጋር የሁለት ቀን ሥልጠና መጣ። አሠልጣኙ በሰሌዳ ላይ «ደንበኛ ንጉሥ ነው» ብሎ ጻፈና ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረበት። ከዚያ «ፈገግታችሁ የመጀመሪያው ማስታወቂያችሁ ነው» አለን።

ከጎኔ የተቀመጡት ሽማግሌ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ንጉሥማ አውርደን ነበር» አሉኝ።

ሳቄን ለማፈን ነጠላዬን አፌ ላይ አደረግሁ። ከእኚህ ሰው ጋር የተዋወቅነው በዚያች ቃል ነው። በቀድሞው መንግሥት ወታደር ነበሩ፤ ሠራዊቱ ሲበተን በእግራቸው አገራቸው ላስታ ገቡ ይባላል። እሳቸው ግን ስለዚያ ነገር አያወሩም። ስለ ብዙ ነገር አያወሩም። እኔም ሌላው ሰውም «ጋሼ» እንላቸዋለን።

አምስት ሆነን ጀመርን። የመጀመሪያው ክረምት ሳይወጣ ሦስቱ ሄዱ። አንዷ አረብ አገር፣ አንዱ ወልድያ፣ ሦስተኛው ደግሞ ብርዱን አልችለውም ብሎ ወደ አባቱ እርሻ። በጥቅምት እኔና ጋሼ ብቻ ቀረን። የማሽኑን ጎማ ይዤ ውሃውን የምረጨው እኔ ነበርኩ። ጫፉ እንደ ጠመንጃ ቃታ ያለው ነው፤ ሰውም «ጠመንጃው» ይለው ነበር። ጋሼ አንድም ቀን አልያዙትም። ስፖንጁንና ባልዲውን አንስተው፣ «እኔ በዚህ እሻላለሁ» አሉ፤ እኔም ለምን ብዬ አልጠየቅኋቸውም።

በአንድ ነገር ግን አንስማማም ነበር። እሳቸው «ጥሩ ሥራ ራሱ ይጣራል» ይላሉ። እኔ ደግሞ፣ «ያላየው ሰው እንዴት ይሰማዋል፣ ጋሼ?» እላለሁ። ትከሻቸውን ነቅነቅ አድርገው ወደ ባልዲያቸው ይመለሳሉ።

ስለዚህ የመጣራቱ ነገር የኔ ሆነ። መጀመሪያ ቆርቆሮ አስቆርጬ ማስታወቂያ አሣልኩ። በከተማው ርካሽ ሠዓሊ አላገኘሁም፤ ያገኘሁት ለቱሪስት በብራና ላይ የቅዱሳን ሥዕል የሚሠራ ሰው ነው። መኪና ሥሎ አያውቅም። የፊት መብራቶቹን እንደ መላእክት ዓይን ትልልቅና ክብ፣ ከላያቸውም ቅንድብ ያላቸው አድርጎ ሣላቸው። መኪናዋ ወደ ጎን እያየች ታዝናለች። ከጎኗ «ዘመናዊ የመኪና እጥበት» የሚል ጽሑፍ አለ። ሰው ሊያያት መጣ። ዲያቆናት ቆመው ይስቁ ነበር፤ አንድ ፈረንጅ ፎቶ አነሳት፤ አንዲት ሴትዮ ልትሳለማት ጎንበስ ብላ መኪና መሆኗን ስታይ እየተሳቀቀች ሄደች። የሚታጠብ መኪና ግን አልመጣም።

ከዚያ ሹፌሮቹ ወደሚውሉበት መሄድ ጀመርኩ። የአስጎብኚ ድርጅት ሹፌሮች ጠዋት የሚሰበሰቡበት አንድ ቁርስ ቤት ነበር። በር ላይ ቆሜ እንደ ለማኝ ጉሮሮዬን እጠራርጋለሁ። የሚሉኝን በቃሌ ይዤዋለሁ። «ረዳቴ በባልዲ ያጥባል።» «የናንተ ማሽን ቀለም ይልጣል።» «እህቴ፣ አቧራው ነገም አለ።» የመጨረሻው እውነት ነበር።

በሁለተኛው ወር አንዱ እሺ አለኝ። እንግዶቹን ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ከማድረሱ በፊት ሚኒባሱ እንዲታጠብለት ፈለገ። ደስታዬን እንዴት ልናገር። ጎማውን፣ ጣሪያውን፣ የበሩን ስንጥቅ ሁሉ አጠብኩ። አልበቃኝም። ይህ ሰው ሄዶ ለሌሎቹ ይናገርልኛል ብዬ አሰብኩና፣ «ሞተሩንም በነጻ አጥብልሃለሁ» አልኩት።

ጋሼ ከወዲያ ማዶ ጎማ እየፈተጉ፣ «ሞተሩን ተዪው» አሉ።

«ጋሼ፣ ትንሽ ነው፤ አቧራውን ብቻ።»

«ተዪው ነው የምልሽ።»

አልተውኩትም። ኮፈኑ ተከፈተ፣ ውሃውን ለቀቅኩት፣ አፈሩ እየቀለጠ ወረደ፤ ብረቱ አብረቀረቀ። ሹፌሩም ደስ አለው። ቁልፉን ሲያዞር ግን ሞተሩ ሁለቴ አስነጠሰና ዝም አለ። ደግሞ አዞረ። ምንም የለም። እንግዶቹ በሆቴላቸው በር ላይ ሻንጣቸውን ደርድረው ቆመዋል። ሹፌሩ በኔ ላይ አልጮኸም፤ ቢጮኽ ይሻለኝ ነበር። ስልኩን አውጥቶ ሌላ መኪና ለመነ። ጋሼ የሞተሩን እሳት የሚያስነሱትን ካንዴላዎች አንድ በአንድ ፈትተው በጋቢያቸው ጫፍ አደረቋቸው፤ ሽቦውን ጠረጉ፤ ፀሐይ እስኪበረታ ጠበቁ። መኪናው ተነሳ። ግን እንግዶቹ ሄደዋል፤ ሹፌሩም ሳይሰናበተን ሄደ።

ወሬው ከሚኒባሱ ቀድሞ ደረሰ። «ማሽኗ መኪና ትገድላለች» ተባለ። ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ቆሜ እጄን ሳነሳ ሹፌሮቹ ፍጥነት ይጨምሩ ጀመር። ለሦስት ሳምንት አንድም መኪና አልታጠበም። ማሽኑን በሸራ ሸፍኜ ከጎኑ እቀመጣለሁ። ጋሼም መጥተው ይቀመጣሉ። አንድም ቀን «ነግሬሽ ነበር» አላሉኝም።

ከዕለታት አንድ ቀን ጠዋት ተነሱና ኮታቸውን ለበሱ። «የት ሊሄዱ ነው?» አልኳቸው። «ነይ» አሉኝ። ተከተልኳቸው። በቀጥታ ቁርስ ቤቱ ገቡ። እኔ በሩ ላይ ቀረሁ፤ የለመድኩት ቦታ ነው። ሹፌሮቹ ሰባት ስምንት ይሆናሉ፤ ፍርፍር ከበው ያወራሉ። ጋሼ መሀል ላይ ቆመው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ማዕዱን ይባርክ። ላንድ አፍታ አዳምጡኝ» አሉ። ድምፃቸው ከፍ አላለም፤ ሹፌሮቹ ግን ዘወር አሉ። «እኔ ሹፌር ነበርኩ። የጦር ሠራዊት ጭነት መኪና ብዙ ዓመት ነድቻለሁ። መኪና መንገድ ላይ ሲቆም የሹፌሩ ልብ እንዴት እንደሚቆም አውቃለሁ። ያን ሚኒባስ ያቆመው ማሽኑ አይደለም፤ እኛ ነን። ሞተር ላይ ውሃ እንደማይለቀቅ እያወቅሁ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። ከንግዲህ ኮፈን አንከፍትም። ያጠብነው መኪና ባይነሳ እኔ እገፋዋለሁ፤ እዚያው ቆሜ እገፋዋለሁ።»

አንዱ ወጣት ሹፌር ሊስቅ ጀመረና ተወው። በዕድሜ ገፋ ያለ፣ ከደሴ የመጣ ሹፌር ብድግ ብሎ ቦታውን ለቀቀላቸው። «አብሽሩ ጋሼ፣ ይቀመጡ» አለ። «በየት ግንባር ነበሩ?»

ጋሼ የግንባሩን ነገር አልመለሱም። ተቀምጠው ሦስት ጉርሻ በሉና አመስግነው ወጡ።

ወደ ማሽናችን የሚወስደውን ዳገት ጀመርን። «ጋሼ፣ ጥፋቱ የኔ ነበር» አልኳቸው።

«አውቃለሁ።»

«ዝም አላሉም እኮ። ተዪው ብለውኝ ነበር።»

«ብዬሻለሁ።»

«ታዲያ ለምን በርስዎ አደረጉት?»

ቆም አሉና ጉልበታቸውን በእጃቸው አሹ። ዳገት ሲሆን ጉልበታቸው ያማቸዋል። «እኔ ነገ መንገድ ላይ ቆሜ ሰው አልጠራም» አሉ። «አንቺ ነሽ የምትቆሚው። ያንቺ ስም ይበልጥ ያስፈልገናል።»

ሹፌር እንደነበሩ ያን ቀን ነው የሰማሁት።

መኪና መምጣት ጀመረ። መጀመሪያ የደሴው ሹፌር መጣ፤ ከዚያ ጓደኞቹ። ገና ሲቃረብ ተሳላሚ የጫኑ ቅጥቅጥ አውቶቡሶችም ተጨመሩ። ወረፋ ተያዘልን። ቦታችን ለመኪና የተመቸ ነበር፤ ሰፊ ነው፣ ከመንገዱ ይታያል፣ ከቦኖው ውሃ አጠገብ ስለሆነም በርሜሎቻችንን መሙላት ቀላል ነው። ቦታውን ስመርጥ በዚያ ኮርቼ ነበር። ማሽኑ ሲነሳ ውሃው በፀሐይ ላይ እንደ ጭስ ይበተናል፤ ከሩቅ ይታያል። ከዚህ የሚበልጥ ማስታወቂያ የለም እል ነበር።

በታኅሣሥ አጋማሽ የከተማው ውሃ ተቋረጠ። በአራት በአምስት ቀን አንዴ ይመጣል፤ ሲመጣም ቀጥኖ ነው። ቦኖው ፊት ለፊት የጄሪካን ወረፋ ተዘረጋ። ጄሪካኖቹ ከባለቤቶቻቸው ቀድመው ያድራሉ፤ ሴቶቹ ጠዋት መጥተው ከጎናቸው ይቀመጣሉ። እኛ በርሜሎቻችን ሞልተው ነበር። አንድ የጎብኚ መኪና አረፋ አልብሰን፣ እኔ ማሽኑን አስነስቼ ጣሪያውን እያጠብኩ ነበር።

ከወረፋው አንዲት አሮጊት ተነስተው መጡ። በአሸተን ማርያም በኩል ካለው ተዳፋት የወረዱ ናቸው፤ በሳምንቱ ሁለት ጊዜ አይቻቸዋለሁ። ባዶ ቢጫ ጄሪካን በገመድ ጀርባቸው ላይ አስረዋል። አጠገቤ ቆሙ። ማሽኑ ይጮኻልና አጠፋሁት።

«ልጄ» አሉኝ፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ፤ «ይህ ውሃ ምን አጥፍቶ ነው የምትገርፊው?»

መልስ ፈለግሁ። ውሃውን በሕጋዊ መንገድ ነው የቀዳነው፤ ማኅበር ነን፤ ደረሰኝ አለን። ይህ ሁሉ በአፌ ውስጥ ነበረ። በወረፋው ያሉት ሴቶች ሁሉ ያዩኛል። ያን ያህል ወር ሰው እንዲያየኝ ስደክም ኖሬ፣ ያን ቀን ባላዩኝ ብዬ ተመኘሁ።

«ጄሪካኑን ያውርዱት እማማ» አልኳቸው። ከበርሜሉ ቀድቼ ሞላሁላቸው። «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ጎንበስ አሉ፤ አሸከምኳቸው። እሳቸው ሳይርቁ ሌላዋ ጄሪካኗን ይዛ መጣች። ከዚያ ሌላ። እምቢ የሚያሰኝ ፊት አልነበረኝም። ጋሼም ባልዲያቸውን አስቀምጠው ይቀዱ ጀመር። ሁለቱም በርሜሎች አለቁ።

ሹፌሩ ከአንድ ጥላ ሥር ተነስቶ መጣ። «መኪናዬ አረፋ እንደለበሰ ሊቀር ነው?» አለ።

ጋሼ ጨርቅ አንስተው፣ «በደረቁ እንጠርገዋለን፤ ታገሠን» አሉት። አረፋው ደርቆ ነበር። ሁለታችንም ለአንድ ሰዓት ያህል ፈተግነው፤ ያም ሆኖ ጣሪያው ዥንጉርጉር ሆኖ ሄደ። ሹፌሩ አልከፈለንም፤ እኛም አልጠየቅነውም።

በማግስቱ ጋሼ ወደ ወንዙ እንውረድ አሉ። ከከተማው በታች ክረምቱ ካለፈ በኋላም ጥቂት ውሃ የሚቀርበት ወንዝ አለ። «ከብት ከሚጠጣበት በታች እንሁን» አሉ፤ «ሳሙናችን ለማንም እንዳይደርስ።» ማሽኑን በጋሪ አውርደን፣ የኮረት መንገድ ጠርገን፣ ድንጋይ አስተካክለን ሳምንት ሙሉ ሠራን። ቦታው ጥሩ ነበር። ግን ከመንገዱ አይታይም። እንደገና ወደ ጠመዝማዛው ተመለስኩ። «ወንዝ ወርደናል» እያልኩ በእጄ ቁልቁል አሳያለሁ። ከአሥሩ ሁለቱ ቢወርዱ ነው። የቀበሌው ሰዎች ቅሬታ ይዘው መጡ፤ በሞዴልነት ሊያስመዘግቡን አስበው ነበርና ለጉብኝት የማይመች ቦታ ሄዳችሁ አሉን። ጋሼ አዳምጠው ሲያበቁ፣ «ጎብኚ ካለ የሚታጠብ መኪና ይዞ ይምጣ» አሏቸው።

በዚያ ወቅት ነው ሥራውን ለመተው የወሰንኩት። አልተናገርኩም እንጂ ወስኜ ነበር። እጄ በብርድ ውሃ ተሰነጣጥቆ ቅባት አልይዝ ብሏል። ፈገግ ማለቱም በራሱ ቆሟል፤ ሹፌር ሲያልፍ እጄ ብቻ ነው የሚነሳው።

በዚያው ሳምንት ከከተማው ወጣ ካለ አንድ ቤተ ክርስቲያን የዕቃ ቤት ኃላፊ የሆኑ ቄስ ሁለት አህያ እየነዱ ወደ ወንዙ ወረዱ። አህዮቹ የተጠቀለለ ምንጣፍ ጭነዋል። መስቀላቸውን ተሳለምን።

«ከአሮጊቶቹ ነው የሰማሁት» አሉ። «ውሃ የምታድል ልጅ አለች፣ ማሽን አላት አሉኝ። ይኸ ምንጣፍ ከተነጠፈ ጀምሮ ታጥቦ አያውቅም። ቁንጫው እንግዶቹን በሩጫ ያስወጣቸዋል። እኛንስ ለምዶናል።»

ጋሼን አየኋቸው፤ እሳቸው ምንጣፉን ያያሉ። «እናጥበዋለን፣ አባ» አልኩ። ዋጋ አልተነሳም። ሦስት ቀን ፈጀብን። በሰፊ ድንጋይ ላይ እየዘረጋን፣ መጀመሪያ በዱላ እየመታን፣ ከዚያ በማሽኑ እያጠብን። የሚወርደው ውሃ ቡና ይመስል ነበር። በሁለተኛው ቀን ከሥሩ ቀይ አበባ ወጣ፤ ቄሱ ራሳቸው ምንጣፉ ቀይ መሆኑን አያውቁም ነበር። ቁንጫው እኔና ጋሼ ላይ ሠፈረ። እያከክን ሠራን። ምንጣፎቹ በዐለቱ ላይ ተሰጥተው ሲደርቁ ከላይ ከመንገዱ ይታዩ ነበር፤ ይህንን ግን ያስተዋልኩት በኋላ ነው።

ከገና በኋላ አንድ የሆቴል ባለቤት ሰው ላከ። ከዚያ ሌላ ሆቴል፣ ከዚያም የሙስሊም ቤተሰቦች ለረመዳን ምንጣፋቸውን አመጡ። አስጎብኚዎቹ እንግዳ ስለተሰጣው ምንጣፍ ሲጠይቃቸው በጣታቸው ቁልቁል ያሳዩ ጀመር። መኪናም አብሮ መጣ፤ ምንጣፍ ያመጣ መኪና ታጥቦ ይሄዳል። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ መንገድ ላይ አልቆምኩም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። የማስታውሰው ግን የረጠበ ምንጣፍ ክብደት ነው። ሁለት ሰው አያነሳውም፤ እኛ ሁለት ሰው ነበርን። ማታ ቤቴ ስገባ ጫማዬን ሳላወልቅ ወንበር ላይ እቀመጥና የምነሳበት ጉልበት እስኪመጣ እጠብቃለሁ።

አምስት ዓመት ያህል እንዲህ ሠራን። በአራተኛው ዓመት የጋሼ ጉልበት ታጠፈ። ከውሃው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው በስፖንጅ የሚደርሱበትን ያህል ያጥቡ ነበር፤ ከዚያም ያ አልሆን አለ። ገነተ ማርያም አካባቢ እህታቸው መሬት ነበራቸውና ወደዚያ ሄዱ። ሲሄዱ ባልዲያቸውን ታጥቦ፣ ተደፍቶ አገኘሁት። ሁለት ሴቶች ቀጥሬ ቀጠልኩ። ቀጥሎ በአገሩ ሁሉ ግርግር ሆነ፤ መንገድ ይዘጋል፣ ይከፈታል፤ ቱሪስቱ ቀረ፤ ሆቴሎቹ ምንጣፋቸውን ጠቅልለው አስቀመጡ። ማሽኑንና ቦታውን ለሁለቱ ሴቶች ተውኩላቸው። እነሱ ወጣት ናቸው፤ ይችሉታል ብዬ ነው።

ጋሼን ልነግራቸው ሄድኩ። በእህታቸው ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ፂማቸው ሙሉ በሙሉ ነጭ ሆኗል። ማሽኑን ለሴቶቹ እንደተውኩ ነገርኳቸው።

«ኮፈን አይከፍቱም?» አሉ።

«አይከፍቱም። አስምያቸዋለሁ።»

«ደግ አደረግሽ።» ጥቂት ቆይተው፣ «አንቺስ አሁን ምን ትሠሪያለሽ?» አሉኝ።

«አላውቅም፣ ጋሼ። ገና አላሰብኩም።»

«አታስቢ» አሉ። «ዛሬ እንኳ አታስቢ። ገብሱ ደርሷል፤ ወፍ እንዳይበላው ላየው ነው፤ እመጣለሁ።» ዱላቸውን ይዘው ቀስ እያሉ ወጡ።

ግድግዳውን ተደግፌ ቁጭ አልኩ። እህታቸው ቂጣና እርጎ ይዘውልኝ ሲመጡ እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር፤ አልቀሰቀሱኝም። ስነቃ ጥላው ግቢውን አቋርጧል፤ ጋሼ ገና ከማሳው አልተመለሱም፤ ወፍ ሲያባርሩ ይሰማል። ቂጣው በሌማት ተከድኖ አጠገቤ ተቀምጧል። ቀዝቅዞ ነበር፤ ሁሉንም በላሁት።